ጠበኞች ሁለቱም የተጠሩበት ድግስ፦ የባሊ ክርክራችን ከመነሻው እስከ ምላሽ 26

ቡድን 20 (የዓለም ትልልቅ ኢኮኖሚዎች ስብስብ) በኢንዶኔዥያዋ ባሊ ደሴት ስላደረገው ጉባኤ ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። አወያዩ ከዘጋው በኋላ ማን ምን አለ እያሉ በውስጥ መስመር የሚጠይቁኝ በዙ። ስለዚህ መነሻዬን እንዳለ፣ ምላሾቹን ደግሞ በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አስቀምጣለሁ። ስድቡን ዘልዬዋለሁ፤ አንዱን ብቻ ስላሳቀኝ አልዘለልኩትም።

መነሻ

አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ በሰፈራችን ድግስ ሲኖር አጋፋሪው እሱ ነበር። የአክስቴ ልጅ ስትዳር ሁለት አጎቶቿ በመሬት ድንበር ተካሰው ለዓመታት ሰላምታ እንኳ አይለዋወጡም ነበር። አንደኛው፣ ያ ሰው ከመጣ ዳሱን እንደማይረግጥ ላከ። አክስቴ አንዱን ጠርታ አንዱን መተው አልሆነላትም። አባቴ አንዱን በቀኝ ከቄሶቹ ጎን፣ ሌላውን በግራ ከዕድር ሰዎች ጋር አስቀመጠና የዳሱ ምሰሶ መሐላቸው እንዲገባ አደረገ። ምሰሶው በባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸፍኖ ወፍራም ስለነበር አይተያዩም። ሁለቱም በሉ፣ ጠጡ፣ መርቀው ሄዱ። አልታረቁም፤ ሰርጉም አልፈረሰም።

ይህ ትዝ ያለኝ ስለ ኢንዶኔዥያ ከወንድሜ ጋር ስንከራከር ነው። ኢንዶኔዥያ የቡድን 20ን ሊቀመንበርነት ከጣሊያን ተረክባ ሦስት ወር ሳይሞላት ሩሲያ ዩክሬንን ወረረች። ምዕራባውያኑ ሩሲያ ትውጣ አሉ። ባይደን ደግሞ እሷ ካልወጣች ዩክሬንም ትጠራ አሉ። ፕሬዚዳንት ጆኮ ዊዶዶ፣ ሀገሬው ጆኮዊ የሚላቸው፣ ሁለቱንም ጠሩ። ከፖላንድ በባቡር ተነሥተው ሰኔ 22 ቀን 2014 ዓ.ም. ኪየቭ ነበሩ፤ በማግስቱ ሞስኮ። በሦስት ሳምንቱ የዩክሬን እህል በመርከብ እንዲወጣ የፈቀደው የጥቁር ባሕር የእህል ስምምነት ተፈረመ፤ የእሳቸው እጅ አለበት ባይ ነኝ። ኅዳር 6 እና 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ባሊ፣ ኑሳ ዱዋ ላይ ጉባኤው ሲደረግ ፑቲን ቀርተው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸውን ላቭሮቭን ላኩ፣ ዜሌንስኪ በቪዲዮ ተናገሩ፣ ብዙ ሰው አይወጣም ያለው ባለ 52 ነጥብ የጋራ መግለጫም ወጣ። መግለጫው ግን አብዛኞቹ አባላት ጦርነቱን አጥብቀው እንዳወገዙ ከገለጸ በኋላ ሌላ አመለካከትና የተለየ ግምገማም እንደነበር ጠቅሶ ያልፋል።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ደግ አስተናጋጅነት ነው ወይስ ማድበስበስ? ወንድሜ ሁለተኛውን ነው የሚለው። እኔ የመጀመሪያውን።

ምላሽ 1

የፖለቲካ ሳይንስ የሚያስተምር ሰው ነው፤ እንደ ወትሮው ጨዋ። ምሳሌውን ወደደው፤ ነገሩ ግን የጆኮዊ ፈጠራ እንዳልሆነ አስታወሰኝ። መሐመድ ሃታ በ1948 እ.ኤ.አ.፣ ሀገራቸው ገና ከሆላንድ ጋር እየታገለች ሳለ፣ በሁለት ቋጥኝ መሐል ስለ መቅዘፍ ያደረጉት ንግግር ዛሬም ድረስ የውጭ ፖሊሲያቸው መሠረት እንደሆነ፣ ነፃና ንቁ የሚሉት መርሕም ከዚያ እንደሚመዘዝ አብራራ። ንቁ የምትለዋን ጠበቅ አድርጎ ነው የጻፋት፤ ዳር ቆሞ ከማየት የምትለየው እሷ ናትና። የማላውቀውንም አንድ ነገር ጨመረልኝ። ተራው ለካ የህንድ ኖሯል። ኢንዶኔዥያ በ2023 እ.ኤ.አ. የአሴያን (የደቡብ ምሥራቅ እስያ ሀገሮች ማኅበር) ሊቀመንበርነት ስለሚደርስባት ተቀያየሩ። ባይቀያየሩ ኖሮ ያ ሁሉ ራስ ምታት የህንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር የሞዲ ነበር።

ምላሽ 2

ሁለት መስመር ናት። መነሻው ላይ መጀመሪያ 2022 ብቻ ብዬ ጽፌ ነበርና፣ ጽሑፉ ገና ወደፊት ስለሚሆን ነገር የሚተነብይ መስሎት እንደነበር ነገረኝ። ማስተካከያው የእሱ ውለታ ነው።

ምላሽ 3

አንዲት እህት በትሕትና ጀምራ በመጨረሻ ቆንጠጥ አደረገችኝ። የእህሉ ስምምነት የተፈረመው ሐምሌ 15 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢስታንቡል ውስጥ ነው፤ ያደራደሩትም ቱርክና የተባበሩት መንግሥታት ናቸው። ጆኮዊ ሞስኮ ላይ ስለ ስንዴና ማዳበሪያ አንሥተዋል፣ ፑቲንም አናደናቅፍም ብለዋቸዋል፤ ከዚያ አልፎ ስምምነቱን ለእሳቸው መስጠት የሰው ማሳ ማጨድ ነው። ቀጥላም የምሰሶ ታሪክ ከወደድኩ ምሰሶው ያለው ኢስታንቡል እንደሆነ ጠቆመችኝ። ሩሲያና ዩክሬን አንድ ወረቀት ላይ አልፈረሙም። እያንዳንዳቸው ከቱርክና ከተባበሩት መንግሥታት ጋር ለየብቻ ነው የፈረሙት። ይህንን ሳነብ አባቴ ቢሰማ ምን ያህል ደስ ባለው ብዬ አሰብኩ። ስህተቴን ተቀብያለሁ። መነሻው ላይ ግን ይህኛውን አልነካሁትም፤ ከነስህተቱ ይቀመጥ።

ምላሽ 4

ይሄኛው ከሁሉም የወደድኩት ነው። ጅቡቲ የሚሠራ ትራንዚተር የእህሉ ስምምነት ሲነሣ ዝም ብሎ ማለፍ አልቻለም። ነሐሴ 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ብሬቭ ኮማንደር የምትባለው መርከብ ከዩክሬን 23,000 ቶን ስንዴ ይዛ ጅቡቲ ስትገባ እሱ ወደብ ላይ ነበር። የዓለም ምግብ ፕሮግራም የተከራያት፣ ለኢትዮጵያ የታሰበች መርከብ ናት። ሌላ ጊዜ የስንዴ መርከብ ስትመጣ ዞሮ የሚያያት የለም፤ ያን ቀን ግን ካሜራው ከጭነት ሠራተኛው በልጦ ነበር። ስንዴው በመንጋጋ እየታፈሰ ወደ መሙያው ሲወርድ፣ ከሥር ጆንያው ሲሞላና አፉ በማሽን ሲሰፋ፣ አቧራው ከነሐሴው ወበቅ ጋር ተዳምሮ ትንፋሽ እንደሚነሳ ይተርካል። አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ከተቀደደ ጆንያ ጥቂት ፍሬ አንሥቶ በጥርሱ ሰበረና ከባሌ ስንዴ ጋር አወዳደረው። የባሌው በለጠ። ሾፌሩ ባሌ ተወላጅ መሆኑን ጸሐፊው በመጨረሻው መስመር ላይ ነው የነገረን።

ስለ ጆኮዊም ስለ ባሊም አንድ ቃል የለበትም። ግን ያ ስምምነት ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የባሊ ጉባኤ በተዘጋ ማግስት፣ ለ120 ቀን ታደሰ። እዚያ ደሴት ላይ ስለ እህል የተባለው ነገር ከሾፌሩ ጥርስ ብዙም ሩቅ አይደለም።

ምላሽ 5

ባሊ ለጫጉላ ሽርሽር ስንት እንደሚፈጅ ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም።

ምላሽ 6

ሱቅ ያላት እህት ናት፤ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ተቆጥታለች። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. እነዚሁ የሰላም መልእክተኞች የፓልም ዘይት ወደ ውጭ እንዳይወጣ አገዱ። ከሚያዝያ 20 እስከ ግንቦት 15። ኢንዶኔዥያ በዓለም አንደኛ የፓልም ዘይት አምራች ናት፤ የእኛ ሀገር ምጣድ ደግሞ በዚያው ዘይት የሚጠበስ ነው። ደንበኞቿ ባዶ ጀሪካን ይዘው ሲመጡና ዘይት የለም ስትላቸው ደብቃ የያዘች ይመስል እንዴት ዓይን ዓይኗን እንደሚያዩዋት፣ አንዲት እናት እንዲያውም መደርደሪያው ጀርባ ድረስ ገብተው እንዳዩ ጻፈች። የዚያ ዓመት የጉባኤው መሪ ቃል አብረን እናገግም፣ በርትተን እናገግም የሚል ነበር። የራሱን ጎተራ ቆልፎ አብረን እንብላ የሚል ደጋሽ አይታ እንደማታውቅ ነው የደመደመችው።

ምላሽ 7

ለምላሽ 6 የተሰጠ። እገዳው አንድ ወር እንኳ አልሞላም፤ ምክንያቱም የራሳቸው ሕዝብ የምግብ ዘይት ተወዶበት መጮኹ ነበር፤ እኛም ብንሆን እናደርገው ነበር። የእኛ ዘይት የተወደደው ደግሞ ከእገዳው አስቀድሞ ነው፣ በጦርነቱ ሳቢያ የሱፍ ዘይቱም ጠፍቷል፣ ብሩም ወርዷል። ክርክሩ ትክክል ነበር፤ አጻጻፉ ግን ክፍል ውስጥ ቆሞ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ሆነበት። እህታችን ወዲያው በአንድ መስመር መለሰችለት። ዘይት የሸጠችው እሷ እንደሆነች፣ እሱ ግን ያነበበ እንደሆነ አስታወሰችው። ምላሽ 8 ይህች ናት።

ምላሽ 9

አንዱ ወደ ድምፅ አሰጣጡ ወሰደን። ኢንዶኔዥያ ሁለቱንም ወገን ያስደሰተች ይመስላል እንጂ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ወረራውን ያወገዘውን ውሳኔ ደግፋለች፤ 141 ሀገር ከደገፈው ውስጥ ናት። ሩሲያ ከሰብዓዊ መብት ምክር ቤት ትታገድ ሲባል ግን ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። ዜሌንስኪ መሣሪያ ሲጠይቁ ጆኮዊ ሕገ መንግሥታችን አይፈቅድልንም ብለው የሰብዓዊ ርዳታ ነው ያቀረቡት። ማለትም ወረራ ወረራ ነው ይላሉ፣ ነገር ግን በሩን አይዘጉም። ጸሐፊው ይህን ማድበስበስ ማለት አግባብ እንዳልሆነ፣ ማድበስበስ የሚባለው ከነጭራሹ ድምፅ በሚሰጥበት ቀን አዳራሽ አለመግባት እንደሆነ ጽፎ፣ ያ የመጀመሪያው ድምፅ የተሰጠበት ቀን የካቲት 23 እንደነበር አስታወሰ። የዓድዋ ቀን። ኢትዮጵያ በዚያ ቀን ድምፅ ካልሰጡት ውስጥ ነበረች፤ በሁለተኛው ደግሞ ተቃወመች።

ምላሽ 10፣ 11 እና 12

ከዚህ በኋላ የሆነውን መገመት አያቅትም። አንደኛው ኢትዮጵያ ትክክል ሠርታለች፣ በእኛ ጦርነት ጊዜ የፀጥታው ምክር ቤት ላይ ማን ከጎናችን እንደቆመ እናውቃለን ባይ ነው። ሁለተኛው ወረራን ባንዲራ አይቶ የሚያወግዝ የዓድዋን ስም እንዳያነሣ ጠየቀ። ሦስተኛው ሁለቱንም በብሔራቸው ጠረጠረ። አንዳቸውም ኢንዶኔዥያ የት እንዳለች ትዝ አላላቸውም። አወያዩ በቁጥር 12 መሐል ገብቶ የመጨረሻውን አጠፋና ርዕሱ ባሊ መሆኑን አስጠነቀቀ። በነገራችን ላይ በዚያው ሳምንት እኔም ብሆን ዓይኔ ባሊ ላይ አልነበረም። ፕሪቶሪያ ጥቅምት 23 ተፈርሞ፣ ኅዳር 3 ናይሮቢ ላይ አዛዦቹ ሲፈራረሙ እያየን ነበር። የባሊን ነገር በወጉ ያነበብኩት ቆይቼ ነው።

ምላሽ 13

አዲስ አበባ ውስጥ በየስብሰባው ለረጅም ዓመት ያስተረጎመ ሰው ነው። ረጅም ጻፈ፤ ቢረዝም ባልጠላሁ።

መጀመሪያ የራሱን ገጠመኝ ተረከ። አንድ ስብሰባ ላይ የሁለት ጎረቤት ሀገሮች ልዑካን ወንበራቸው ጎን ለጎን ስለወደቀ አንቀመጥም አሉ። ሰብሳቢው ምንም እንዳልተፈጠረ የሻይ ዕረፍት አወጀ። ሻዩ ሲጠጣ ከፕሮቶኮል የመጣች ልጅ የስም ካርዶቹን ሰብስባ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ የነበረውን በፈረንሳይኛ ተራ አድርጋ መልሳ ደረደረችው። በፈረንሳይኛው የአንደኛው ሀገር ስም በሌላ ፊደል ስለሚጀምር ሁለቱ ተራራቁ። ከሻይ መልስ ሁሉም ተቀመጠ፤ ማንም ምንም አላለም። እሱ ከአስተርጓሚው ካቢን ሆኖ በመስታወቱ አይቶታል። የአባቴን ምሰሶ የሚያምነው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ኢንዶኔዥያ ያን ዓመት ምን ስትችል እንደከረመች ዘረዘረ። ሚያዝያ 12 ዋሽንግተን ላይ የፋይናንስ ሚኒስትሮቹ ሲሰበሰቡ የያኔዋ የኢንዶኔዥያ ፋይናንስ ሚኒስትር ስሪ ሙልያኒ ኢንድራዋቲ መንበሩ ላይ ነበሩ። የሩሲያው ሲናገሩ የአሜሪካ፣ የብሪታንያና የካናዳ ሹማምንት ተነሥተው ወጡ። ሐምሌ 1 ባሊ ላይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮቹ ሲገናኙ ደግሞ ተራው የላቭሮቭ ሆነና እሳቸው ጥለው ወጡ። የያኔዋ የኢንዶኔዥያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሬትኖ ማርሱዲ የጋራ ፎቶ ለማስነሣት እንኳ አልሞከሩም። በሐምሌው የፋይናንስ ስብሰባ የጋራ መግለጫ ስላልተቻለ በሰብሳቢዋ ስም ማጠቃለያ ብቻ ወጣ። የኅዳሩ መግለጫ ለምን እንዳስደነቀ የሚገባን ይህን ካወቅን ነው። ከወረራው ወዲህ አንድ ወረቀት ላይ ያልተስማሙ ሰዎች ናቸው።

ከዚያ ጽሑፉን ራሱን ፈታታው። ብልሃቱ አብዛኞቹ የምትለዋ ቃል ላይ ብቻ አይደለም። ቡድን 20 ሩሲያን በራሱ አፍ አይወቅስም። በሌላ መድረክ፣ በጠቅላላ ጉባኤው ውሳኔ፣ የሩሲያ ወረራ እንደተወገዘ ይጠቅሳል። ያ ጥቅስ ውስጥ ግን ወረራ የሚለው ቃል ከነባለቤቱ ተጽፏል። ሩሲያ የገዛ ስሟ ያለበትን ወረቀት ተቀብላ ወጣች፤ ምክንያቱም እንደ ተደረገ ነገር ተዘገበ እንጂ እንደ ጋራ ፍርድ አልተነገረም። የኒውክሌር መሣሪያ መጠቀምም በእሱ ማስፈራራትም ተቀባይነት የለውም የሚለውም እዚያው አለ፤ ይሄኛውን ቻይናና ህንድ ባሉበት ማስፈረም ቀላል አልነበረም። አስተርጓሚው እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ሲደርሰው ሦስት ሰከንድ ትንፋሹን እንደሚውጥ ጻፈ። በችኮላ አማርኛ ካደረገው መጠቀሱ ይጠፋና ፍርዱ ይቀራል፤ ያኔ ስልክ ይደወላል።

ደጋሹ ምን አተረፈ ለሚለውም ከእሱ በላይ የመለሰልኝ የለም። ባይደንና ሺ ጂንፒንግ፣ ባይደን ፕሬዚዳንት ከሆኑ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት የተገናኙት በጉባኤው ዋዜማ ባሊ ላይ ነው። የወረርሽኝ ፈንድ በ1.4 ቢሊዮን ዶላር ቃል ተጀመረ። ኢንዶኔዥያ ከድንጋይ ከሰል እንድትወጣ 20 ቢሊዮን ዶላር ሊሰባሰብላት ስምምነት ተደረሰ። ድግሱ ቢፈርስ ይህ ሁሉ አብሮ ይፈርስ ነበር።

ምላሽ 14

እዚህ ላይ ክሩ ተቀየረ። በዩክሬኗ ካርኪቭ ከተማ ሕክምና ይማር የነበረ፣ ጦርነቱ ሲጀመር በባቡር ወደ ፖላንድ የወጣና አሁን ጀርመን ያለ ልጅ ነው። ምላሽ 13ን አድንቆ ነው የጀመረው፤ ምሬቱ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ዜሌንስኪ በቪዲዮ ባለ አሥር ነጥብ የሰላም ሐሳባቸውን ባቀረቡበት በዚያው ቀን፣ ዩክሬን እንዳስታወቀችው ከ90 በላይ ሚሳኤል ተተኮሰባት። ባሊ ላይ ቃል ሲመረጥ እሱ ይኖርበት የነበረው ከተማ መብራት አልነበረውም። የቀድሞ አከራዩ፣ አሮጊት ሴት፣ ማታ የላኩለት መልእክት ሻማ ስለመቆጠብ ነበር።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። አጎቶቼ የተጣሉት በድንበር ነው፤ ሰርጉ ቀን አንዱ የሌላውን ቤት እያቃጠለ አልነበረም። እያቃጠለ ቢሆን አባቴ ምሰሶ ይፈልግ ነበር ወይስ ውኃ? ጥያቄው ይሄ ነው፣ በአንቱታ ነው የጠየቀኝ፣ እኔም ሁለት ቀን አልመለስኩለትም።

ምላሽ 15

ለምላሽ 14 ማስታወሻ። በዚያው ምሽት ፖላንድ ውስጥ ፕሼቮዱፍ የምትባል መንደር ላይ ሚሳኤል ወድቆ ሁለት ሰው ሞተ። ባሊ ላይ ሌሊት ነበርና መሪዎቹን ቀሰቀሷቸው፤ ጠዋት የቡድን 7ና የኔቶ አባላት የሆኑት እዚያው ደሴት ላይ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጡ። ኋላ የዩክሬን አየር መከላከያ ሚሳኤል ሳይሆን እንደማይቀር ተነገረ። ጸሐፊው ከዚህ ያወጣው ነገር ጥሩ ነው። ሁሉም አንድ ደሴት ላይ ባይኖሩ ያ ሌሊት በሌላ መንገድ ይነጋ ነበር ብሎ ያምናል። ምላሽ 14 የአውራ ጣት ምልክት ሰጠው፤ የተስማማ ግን አይመስለኝም።

ምላሽ 16

የእኔ ነው። ምሳሌዬ እንደሚያነክስ ተቀበልኩ። ሆኖም ደጋሽ እሳት የማጥፋት አቅም እንደሌለው፣ ያለው አቅም ማን ከማን ጋር አንድ ጣሪያ ሥር እንደሚያድር መወሰን እንደሆነ ጻፍኩ። አሁን ሳነበው ቀዝቃዛ ሆኖብኛል። ለሻማ ለሚቆጥቡት ሴትዮ ምን እላቸው ነበር?

ምላሽ 17 እና 18

ነገሩ ስለከበደ ይመስለኛል ሁለት ሰዎች ወደ ወሬ ወሰዱት። ላቭሮቭ ሆስፒታል ገቡ ሲባል የሩሲያ ውጭ ጉዳይ ቃል አቀባይ፣ ላቭሮቭ ቁምጣና ቲሸርት ለብሰው ወረቀት ሲያነቡ የሚያሳይ ቪዲዮ መልቀቃቸው፣ ባይደን ከእራት ግብዣው መቅረታቸው፣ ሺ የካናዳውን ትሩዶ በካሜራ ፊት መቆጣታቸው ተነሣ። መሪዎቹ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ዶማ ይዘው ማንግሮቭ ሲተክሉ የተነሡትን ፎቶ የለጠፈውም፣ አረንጓዴ አሻራ እስከ ባሊ መድረሱን አበሰረ። ከተተከሉት ስንቱ እንደጸደቀ ማን ይቆጥራል የሚል ንዑስ ክርክር ተነሥቶ በራሱ ሞተ።

ምላሽ 19 እስከ 21

ከዚያ ኢንዶሚ መጣ። አንዱ ከኢንዶኔዥያ የሚያውቀው ኢንዶሚን ብቻ እንደሆነ ተናዘዘ። ሌላው ኢንዶሚ የናይጄሪያ ነው ብሎ ተከራከረ፤ ናይጄሪያ ውስጥ ስለሚበላ እንጂ ስሙ ራሱ ኢንዶ እንደሚል በሦስት ሰው ተነገረው። በእንቁላልና በሚጥሚጣ ነው ወይስ በሽሮ የሚለው የማይደገም ነው። ሽሮ ያለውን ሰው ግን አልረሳውም።

እኔ ልሰርዘው ስል በቁጥር 21 ላይ ያቺ ስለ እህሉ ስምምነት ያረመችኝ እህት ተመለሰችና ቀልዱን ወደ ቁም ነገር ገለበጠችው። ኢንዶሚ ከምን ይሠራል? ከስንዴ። ኢንዶኔዥያ ስንዴ ታመርታለች? አታመርትም፤ ከዓለም ትልልቅ ስንዴ ገዢዎች አንዷ ናት፣ ዩክሬንም ከጦርነቱ በፊት ከዋና አቅራቢዎቿ ውስጥ ነበረች። ስለዚህ ጆኮዊ ኪየቭ የገቡት የሰላም መልአክ ሆነው ብቻ አይደለም፤ የሀገራቸው የቁርስ ሳህን ይዘው ነው። ይህንን እንደ ነቀፋ አላየችውም። ሆዱ ያለበት ሽማግሌ ከሌላው ይልቅ ነገሩ እንዲያልቅ ይፈልጋል ባይ ናት። ሱቅ ያላት እህታችን፣ ምላሽ 6፣ እዚህ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደደችላት።

ምላሽ 22

ከቨርጂኒያ የሚጽፉ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በ1947 ዓ.ም. ባንዱንግ ላይ 29 የእስያና የአፍሪካ ሀገሮች ሲሰበሰቡ ከአፍሪካ ከተገኙት ስድስት አንዷ ኢትዮጵያ እንደነበረች አስታወሱን። ያኔ ተማሪ ነበሩ፤ መምህራቸው ካርታ ላይ ጃቫን በብትር ሲያሳዩዋቸው ትዝ ይላቸዋል። ከባንዱንግ እስከ ባሊ ኢንዶኔዥያ ሥራዋን አልቀየረችም፣ የተቀየረው ማን ወንበር እንደሚያገኝ ነው ባይ ናቸው። መለስ ዜናዊ ቡድን 20 ላይ በአፍሪካ ስም በእንግድነት ይቀመጡ እንደነበር፣ ለመጨረሻ ጊዜ በአደባባይ የታዩትም በሰኔ 2004 ዓ.ም. በሜክሲኮው ጉባኤ እንደሆነ ጨመሩ። ያችን መስመር ያለ ምንም ማብራሪያ ነው የተዉዋት።

ምላሽ 23

ለጋሼ መልስ፣ በአክብሮት። የአፍሪካ ወንበር የመጣው ከባሊ በኋላ ባለው ጉባኤ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2015 ዓ.ም. ኒው ዴልሂ ላይ ሞዲ ጉባኤውን ሲከፍቱ የአፍሪካ ኅብረትን ሊቀመንበር፣ የኮሞሮሱን አዛሊ አሱማኒን፣ አቅፈው ወደ ጠረጴዛው አስገቧቸው። ዋጋውን ግን እንይ አለ ጸሐፊው። ሞዲ ዜሌንስኪን አልጠሩም። የዴልሂው መግለጫ ደግሞ ሩሲያን በስም አይጠራም፤ የሩሲያ ወረራ የሚለው ጥቅስ ቀርቶ በዩክሬን ያለ ጦርነት ብቻ ሆነ። ኪየቭ የሚኮራበት ነገር የለም ብላለች። ጆኮዊ ሁለቱንም ጠርተው ስሙን አስጻፉ፤ ሞዲ አንዱን ትተው ስሙን አስፋቁ። ማድበስበስ ማየት የፈለገ ከባሊ ይልቅ እዚያ ይፈልግ። ወንድሜ ይህን እንዲያነብልኝ ሊንኩን ላክሁለት።

ምላሽ 24

አጭርና ስለታም። ስለ ተጠሩ እንግዶች ይህን ያህል ስናወራ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም. ጆሃንስበርግ ላይ አሜሪካ ጭራሽ ስትቀር ምን እንደሆነ ለምን እንደማናነሣ ጠየቀ። የቀጣዩ ዓመት ደጋሽ ራሷ ሆና ሳለ አልመጣችም። ደቡብ አፍሪካ መግለጫውን በመጀመሪያው ቀን አስጸደቀችና መንበሩን ለበታች ዲፕሎማት አላስረክብም አለች። ጥሩ ነጥብ ነበር። ከሥሩ ግን እኔን የዳስ ፈላስፋ ብሎ ሰይሞኛል፤ አልዘለልኩትም ያልኩት ስድብ ይህ ነው። ልጆቼ ሰምተው ቤት ውስጥ ስሜ ሆኗል።

ምላሽ 25

ወንድሜ ነው። ክሩን ሲከታተል ከርሞ ለመጀመሪያ ጊዜ አካውንት ከፈተና ጻፈ። ስለ ባሊ ብዙም አላለም። ስለ ዴልሂው ልዩነት የተሰጠውን ነጥብ ተቀብሏል፤ ጆኮዊ ሁለቱን ሲጠሩ ለሁለቱም በግልጽ ነግረው እንደሆነ ግን እንዳትረሱ አለ። ባይደንም ፑቲንም ዜሌንስኪም ማን እንደተጠራ ያውቁ ነበር።

አባታችን ግን እንዲያ አላደረገም። ወንድሜ በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል፤ ያኔ ከአባቴ ጋር ለጥሪ የዞረው እሱ ነው። አባቴ ለአንደኛው አጎት ሌላው እንደማይመጣ ነገረው። ለሌላውም እንዲሁ። ምሰሶው የቆመው ለማስታረቅ ሳይሆን ውሸቱ እንዳይታወቅ ነው። የቄሶቹ ጎን የተቀመጠውም መርቆ አልሄደም፤ እጁን ሊታጠብ ሲነሣ ያኛውን አየውና ሥጋው ሳይቀርብ በጓሮ በኩል ወጣ። አባቴ ባርኔጣውን ይዞ እስከ በሩ ተከተለው። እኔ በዚያ ሰዓት ከሚዜዎቹ ጋር ጭፈራ ላይ ነበርኩ።

ምላሽ 26

አወያዩ። ከምላሽ 10 እና 11 አንዱ ሌሊት ተመልሶ ያንኑ ጠብ ስለጀመረው ክሩን ዘጋው።

ክሩ እንደተዘጋ አክስቴ ዘንድ ደወልኩ። አሁን ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፣ ጆሯቸውም ደከም ብሏል። ስለ ሁለቱ አጎቶችና ስለ ምሰሶው ጮክ ብዬ ሦስት ጊዜ ጠየቅኋቸው። ምሰሶውን አያስታውሱትም። የሚያስታውሱት አንድ የተሞላ ሳህን ሳይነካ ወደ ጓዳ መመለሱንና፣ የማን እንደሆነ ሲጠይቁ አባቴ ለራሴ ነው ያስነሣሁት ብሎ ቆሞ እንደበላው ነው።